ግማሽ ቀን ብቻ ላለው እንግዳ፦ ከለገሃር እስከ ፒያሳ ምን ይገዛ፣ ምን ይቅር

በሁለት በረራ መሃል ከቦሌ ወጣ ብሎ የሚመለስ እንግዳ ወይም ሻንጣውን ሊዘጋ አንድ ቀን የቀረው የውጭ ዘመድ ካለባችሁ መርካቶን ተዉት፤ መርካቶ ጊዜ ይፈልጋል። ከለገሃር ወደ ላይ የሚወጣው ቸርችል ጎዳና ለእንዲህ ያለው ቀን ይበቃል። ዋናው ፖስታ ቤት አካባቢ የባህል ዕቃ ሱቆች አሉ፣ ከጎዳናው ገባ ሲባል ቶሞካ ቡና አለ፣ ሽቅብ ሲወጣ ፒያሳ ነው። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ብዙ ቤት ስለፈረሰ፣ በስም የምታውቁት ወርቅ ቤት ካለ ሳትነሱ በፊት ደውሉለት።

ከሐምሌ 2016 ወዲህ ባንኮች የምንዛሬ ዋጋቸውን የሚያወጡት በየራሳቸው ስለሆነ፣ ሁለት ሦስት ባንክ ጠይቁ። የሚበቃውን ያህል ብቻ ይመንዝር፤ ብር ይዞ ከአገር መውጣት ገደብ አለው። ደረሰኙንም አይጣለው። ቀጠሮ ስትይዙ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ንገሩት፤ የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት ለእሱ 9 ነው።

ብዙ ሰው የሚታለለው ልብስ ላይ ነው። የሽመናን ጥበብ አስመስሎ የታተመ ጨርቅ በርክቷል፣ ከሩቅ አይለይም። ጠርዙን ገልብጡት፦ በሽመና የገባ ጥበብ ክሩ ከጀርባም ይታያል፣ የታተመው ግን ጀርባው ገርጥቶ ይቀራል። የእጅ ፈትል ወፈር ቀጠን ይላል፤ የፋብሪካ ክር ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው። ጥጥ መሆኑን ካጠራጠራችሁ ባለሱቁን አስፈቅዳችሁ ከዘርፉ አንድ ክር በክብሪት ለኩሱ። ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመድም ይሆናል፤ ፖሊስተር ይቀልጥና ጠጣር ፍሬ ይሠራል። ነጠላ ሁለት ድርብ፣ ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ ሻንጣው ለጠበበበት ሰው ነጠላ ይሻላል።

የብር መስቀል ሲገዛ «ማግኔት ካልያዘው ብር ነው» የሚለውን አትመኑ። ማግኔት የሚያጋልጠው ብረትን ነው፤ ነሐስንም ኒኬል የተቀላቀለበትን መዳብም አይስብም። የማሪያ ቴሬዛ ብር የሚባለውን የድሮ ሳንቲም ግን ሚዛን ይፈትነዋል። ትክክለኛው 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ስፋቱ 39.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፣ ብርነቱም 83.3 በመቶ። ላዩ ላይ ያለው 1780 ዕድሜውን አይነግርም፤ ከዚያ በኋላም ለረጅም ዘመን በዚያው ዓመተ ምሕረት ሲመታ ኖሯልና።

ስለ ብራና፣ ስለ አሮጌ መስቀልና ሥዕል ግን አጥብቄ እለምናለሁ፦ እንግዳችሁን ከልክሉት። የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። «የድሮ ነው» የተባለው ዕቃ ወይ በጭስና በቀለም ያረጀ አዲስ ነው፣ ገንዘቡ ይባክናል፤ ወይ እውነት የድሮ ነው፣ ያን ጊዜ የሚጠፋው የሁላችንም ነው። አዲስ የተሠራ ከሆነ ዕቃው በዝርዝር የተጻፈበት ደረሰኝ ይያዝ፤ ኤርፖርት ላይ ጥያቄ ቢነሳ የሚያሳየው ነገር ይኖረዋል።

ቡና የተቆላና ያልተፈጨ ይሁን፤ የተፈጨ መዓዛው ቶሎ ይበናል። ጥሬ ቡና መድረሻው አገር ሕግ ላይ ይወሰናል። ለምሳሌ አሜሪካ ለግል የያዙትን ጥሬ ቡና ብታስገባም ወደ ሃዋይና ወደ ፖርቶ ሪኮ ግን አታስገባም። ወደ አሜሪካ በሚበር አውሮፕላን በርበሬ፣ ሽሮና የተፈጨ ቡና ከ350 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ከአንድ የለስላሳ ቆርቆሮ፣ ከበለጡ በእጅ ሻንጣ ተጨማሪ ፍተሻ ያስከትላሉ፤ ሊቀሩም ይችላሉ። ስለዚህ በርበሬውን በሁለት ወፍራም ፌስታል አስራችሁ የሚጫነው ሻንጣ መሃል፣ ከነጭ ልብስ አርቃችሁ ክተቱት። ማር ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ እሱም ወደሚጫነው ነው። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ንጥር ቅቤና ቋንጣ አይገቡም፣ የፈለገውን ያህል ቢታሸጉም ይወሰዳሉ።

መመለሻውን ታክሲ በራይድ ወይም በፈረስ መተግበሪያ ጥሩ። ከሰዓት በኋላ ከ10 ሰዓት ጀምሮ መስቀል አደባባይና የቦሌ መንገድ ስለሚጨናነቁ፣ የማታ በረራ ያለው ሰው ከፒያሳ ቀደም ብሎ ይውረድ።