የናይሮቢው ፊርማ

በ2015 ዓ.ም. ሰኔ ወር ላይ፣ የምሠራበት የጀማሪ ድርጅቶች ድጋፍ ሰጪ ተቋም ከያዛቸው ድርጅቶች አንዱን ወደ ኬንያ ገበያ የማስገባት ኃላፊነት ተሰጠኝ። ድርጅቱን ያቋቋሙት ሁለት ወጣት መሐንዲሶች ሲሆኑ፣ የሚሸጡት የመኪና መለዋወጫ ሱቆች ዕቃቸውንና ሽያጫቸውን በስልክ የሚመዘግቡበትን ሶፍትዌር ነው። መርካቶ ሶማሌ ተራ ውስጥ ከሱቅ ሱቅ እየዞሩ፣ የኩሽኔታውንና የካንዴላውን ስም ከነጋዴው አፍ እየለቀሙ የሠሩት በመሆኑ እዚያ ተወዶላቸዋል። ናይሮቢ ደግሞ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ያህል የምትርቅ፣ ኢትዮጵያዊ ያለ ቪዛ የሚገባባት፣ ኤም-ፔሳ ሥራ ከጀመረበት ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ነጋዴዋ በስልክ መክፈልና መቀበልን የለመደባት ከተማ ናት። ከዚህ የተሻለ ጎረቤት ከየት ይመጣል ብለን ተነሣን።

የእኔ ድርሻ አጋር መፈለግ ነበር። ናይሮቢ በሚኖር አንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ አማካይነት፣ ለሱቆች የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን የሚያከፋፍልና በበርካታ ከተሞች ቅርንጫፍ ያለው ትልቅ ኩባንያ አገኘሁ። ሁለት ጊዜ በኢንተርኔት ተሰበሰብን፤ በሦስተኛው ተፈራረምን። ውሉ ለሁለት ዓመት በመላው ኬንያ ብቸኛ ወኪልነትን ይሰጣቸው ነበር። ከመሥራቾቹ አንዷ ያንን አንቀጽ ስታነብ፣ «ጋሼ፣ ባይሸጡልንስ?» ብላ ጠየቀችኝ። «እነሱ ካልሸጡ ማን ሊሸጥ ነው?» አልኳት። ይህን መልሴን ባስታወስኩት ቁጥር ዛሬም አንገቴን ያስደፋኛል።

በአምስት ወር ውስጥ የተሸጠው ለአራት ሱቆች ብቻ ሆነ። ስንጠይቃቸው ሁልጊዜ በትሕትና «በሂደት ላይ ነው» ይሉናል። ኅዳር 2016 ዓ.ም. ላይ ሄጄ ከሽያጭ ሠራተኛቸው ጋር አንድ ቀን ለመዋል ጠየቅሁ፤ ፈቀዱልኝ።

ሠራተኛው ወደ ኪሪንያጋ መንገድ ወሰደኝ። የናይሮቢ ሶማሌ ተራ ልትሉት ትችላላችሁ፤ ቺንጋው ከጣሪያ ተንጠልጥሎ፣ የፍሬን ሸራው ካርቶን በሩን ዘግቶ፣ ገዢው የተበላሸውን ዕቃ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞ ይመጣል። ልጁ በገባንበት ሱቅ ሁሉ ማሽኑን ከቦርሳው አውጥቶ፣ ወረቀት አስገብቶ፣ ደረሰኝ አትሞ ሲያሳይ ሃያ ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። የእኛን ሶፍትዌር ግን ቦርሳውን እየዘጋ ነበር የሚጠቅሰው። በሦስተኛው ሱቅ አላስችል ብሎኝ የራሴን ስልክ አወጣሁና ለባለሱቋ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ለሰቀሉ ጠና ያሉ ሴት፣ ማሳየት ጀመርኩ። ሴትዮዋ የወር ምርጫውን ወደ ታች እየገፉ ከመጨረሻው ደረሱና፣ «ይህ አሥራ ሦስተኛው ወር ምንድን ነው? የቤት ኪራይም ይከፈልበታል?» አሉኝ። መሥራቾቹ ልጆች አማርኛውን ወደ እንግሊዝኛ ሲለውጡ ጳጉሜን ማውጣት ረስተዋል። ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

ቀጥለው የጠየቁት ግን የሚያስቅ አልነበረም። «ከኢቲምስ ጋር ይገናኛል?» ኢቲምስ የኬንያ ገቢዎች ባለሥልጣን የኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ ሥርዓት ሲሆን፣ በወጣው ሕግ መሠረት እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 ጀምሮ በእንዲህ ያለ ደረሰኝ ያልተደገፈ ወጪ ለግብር ስሌት በተቀናሽነት አይያዝም። ስለዚህ ቀኑ ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት የኪሪንያጋ ነጋዴ ጭንቀቱ ይኸው ብቻ ነበር። የእኛ ሶፍትዌር አይገናኝም፤ እኛም ስለ ጉዳዩ የሰማን ነገር የለም።

ከሰዓት በኋላ ሻይ ስንጠጣ ልጁን አጥብቄ ጠየቅሁት። «የኢቲምስን ነገር ገና በሐምሌ ለአለቃዬ ነግሬዋለሁ» አለኝ። «ስለ ሽያጩ ከሆነ ደግሞ፣ ማሽን ስሸጥ ኮሚሽኔን በወሩ መጨረሻ አገኛለሁ። የእናንተን ስሸጥ ድርሻው የኩባንያው ነው። እኔ ምን አገኛለሁ?» ውሉን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። በአሥራ አራት ገጽ ውስጥ ይህ ልጅ በየትም ቦታ አልተጠቀሰም። ለነገሩ የትልቅ አጋር ስም ለብቻው ድንበር እንደማያሻግር ኤም-ፔሳ ራሱ ምስክር ነው፤ የስልክ ኩባንያው ቮዳኮም ከኔድባንክ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2010 ደቡብ አፍሪካ ያስገባው አገልግሎት፣ የባንክ ሒሳብ ያለው ሰው በበዛበት አገር የኬንያውን ያህል ፈላጊ ሳያገኝ እ.ኤ.አ. በ2016 ተዘግቷል። ይህን ታሪክ በሥልጠና ላይ ለሌሎች የማስተምረው እኔው ነበርኩ።

ከመመለሴ በፊት ወደ ሴትዮዋ ሱቅ ብቻዬን ሄጄ፣ የግብር ጉዳያቸውን ማን እንደሚይዝላቸው ጠየቅኋቸው። በጣታቸው ወደ ላይ አመለከቱኝ። ፎቅ ላይ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ የመንገዱን አርባ ያህል ሱቆች ሒሳብ የሚሠራ ሰው ነበር፤ የእያንዳንዱ ሱቅ ደረሰኝ በየፌስታሉ ታስሮ በግድግዳው ዙሪያ ተደርድሯል። ሶፍትዌሩን ለጥቂት ደቂቃ ካየ በኋላ ዋጋውን ሳይጠይቀኝ፣ «ከኢቲምስ ጋር ካገናኛችሁት እነዚህ ፌስታሎች ከዚህ ይወጡልኛል» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው አድካሚ እንጂ ለወሬ የሚበቃ አይደለም። ብቸኛ ወኪልነቱን በትልልቅ መደብሮች ብቻ ለመወሰን ከኩባንያው ጋር የተደረገው ድርድር አራት ወር ፈጀ፤ ሊከለክሉን የሚችሉበት መብት እጃቸው ላይ ነበረና ሰዎቹን አልወቅሳቸውም። ልጆቹ በባለሥልጣኑ ዕውቅና በተሰጠው የኬንያ ድርጅት በኩል ሶፍትዌሩን ከኢቲምስ ጋር አገናኙ። ከሒሳብ ሠራተኛው ጋር ያደረግነው ውል ሁለት ገጽ ነው፤ ከእያንዳንዱ ሱቅ ወርኃዊ ክፍያ ላይ ድርሻውን በሺሊንግ እዚያው ቀንሶ የቀረውን ያስተላልፋል። እንዲህ ያደረግነው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ አሠራሩ ከመለወጡ በፊት፣ ኮሚሽን የሚሆን ዶላር ከአዲስ አበባ ባንክ ለማግኘት ወረፋ መጠበቅ የሥራው ሞት ስለነበረ ነው። በመጀመሪያው ወር አሥራ አንድ ሱቆችን አስገባልን። የማሽን ሻጩም ልጅ በግሉ ሁለት ደንበኞች ላከለት፤ እንዴት እንደተስማሙ ግን አልጠየቅሁም።

ተቋማችን የውጭ ገበያ ድጋፍ ለሚጠይቁ ድርጅቶች በሚያስሞላው ቅጽ ላይ አሁን አንድ ጥያቄ ተጨምሯል፦ «በአጋሩ ድርጅት ውስጥ ምርታችሁን ሱቅ ድረስ ይዞ የሚሄደው ማን ነው? ከአንድ ሽያጭ ምን ያገኛል?» ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ከዱባይ ኩባንያ ጋር የተፈራረመውን ውል በደስታ ይዞልኝ መጣ። ያንን ቦታ ባዶ ትቶታል። ቅጹን መለስኩለትና ስልክ ደውሎ እንዲጠይቅ እዚያው ወንበር አቀረብኩለት።