ማየትና መስማት አንድ ነው እንዴ?

ቱሉ ዲምቱ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ ጂ ፕላስ ፎር ሳይት ነው። ሁለተኛውን ሶሌታ፣ የፎቁን የኮንክሪት ወለል፣ እየሞላን ነበር። እኔ ስሜ ሳይት ኢንጂነር ይባል እንጂ ሥራዬ ሲሚንቶ መቁጠርና ኪዩብ፣ ማለትም የኮንክሪት መፈተሻ ናሙና፣ መሙላት ነው። ለአዲስ ምሩቅ ሌላ ምን ይሰጠዋል?

ሳይት የዋለ ሰው ቀጥሎ ያለውን ያውቀዋል። ፀሐይ ከረር ስትል ኮንክሪቱ ይጠጥራል፣ ቫይብሬተር (ኮንክሪቱን እያንቀጠቀጠ የሚያስተኛውን ማሽን) የያዘው ልጅ መጮህ ይጀምራል፣ ከዚያ አንዱ መጥቶ አንድ ጣሳ ውሃ ጠብ ያደርግበታል። ቀጥሎ ሁለት። በሣጥን 1 ለ 2 ለ 3 ተለክቶ የገባው ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር ሁሉ እዚያች ጣሳ ላይ ገደል ይገባል። ፎርማኑ «እንዲላላ ነው፣ ምን ይሆናል?» ይላል። የሚሆነውማ ይታወቃል፤ ሲሚንቶው ያልፈለገው ውሃ ተኖ ሲወጣ ቦታውን ክፍት ትቶት ይሄዳል፣ የኮንክሪቱም አቅም ይወርዳል። በቀን ሠራተኞቹ አልፈርድም። የጠጠረ ኮንክሪት በካሪዮላ ሲገፉ የሚውሉት እነሱ ናቸው፣ ፎርማኑ አይደለም።

ኪዩቡን የሞላሁት ጠዋት ነው፣ ከመጀመሪያው ቅልቅል። ይሄም የተለመደ ነው። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ጨዋ ነው፤ ሲሚንቶው ሙሉ፣ ውሃው ልክ። 15 በ15 በ15 ሳንቲሜትር የሆኑት ኪዩቦች ያንን ይበላሉ፣ ውሃ ውስጥ ይተኛሉ፣ በ7 እና በ28 ቀናቸው ላቦራቶሪ ሄደው ለሶሌታው ይመሰክሩለታል። ሶሌታው የበላው ግን ሌላ ነው።

ከሰዓት ሬዚደንቱ፣ ሥራውን የሚቆጣጠረው መሐንዲስ፣ መጣ። ወትሮ ከሰዓት የሚመጣ ሰው አልነበረም። ዞር ዞር አለና ኪዩቦቹን በጫማው ነካ አድርጎ፣ «ከየትኛው ነው የሞላኸው?» አለኝ።

«ከጠዋቱ ነው ኢንጂነር። ከዚያ በኋላ ውሃ ተጨምሮበታል።»

ፎርማኑ ከኋላው ሆኖ ዓይኑን አፈጠጠብኝ። እሱን ጠብቄዋለሁ። ያልጠበቅኩት የሬዚደንቱን ፊት ነው። ጎበዝ ይለኛል ብዬ ቆሜአለሁ፣ ሰውየው የተናደደው ግን በፎርማኑ ሳይሆን በእኔ ነበር። ክንዴን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ።

«አሁን ይሄን ምን ላድርገው?»

«ምኑን ኢንጂነር?»

«የነገርከኝን! ከየትኛው ሞላህ ነው ያልኩህ። ከዚሁ ብትለኝ ያልቅ ነበር። አሁን ካወቅኩ መጻፍ አለብኝ፣ ከጻፍኩ ማስቆም አለብኝ፣ ካስቆምኩ ባለቤቱ ይደውላል።»

«ጣሳው እኮ እዚያው ነው፤ ሲገቡም አይተውታል።»

«ማየትና መስማት አንድ ነው እንዴ?»

ይቺን አልረሳትም። በየመንገዱ፣ በየታክሲው አሰብኳት። ለካ ሰውየው ጣሳውን እያየ በሰላም መኖር ይችል ነበር፤ ሰላሙን የነሳሁት እኔ ነኝ። ይባስ ብሎ ነገሩ ገባኝ። ምን ዓይነት አገላለጽ ነው እያልኩ ልናደድበት እፈልግና ይገባኛል።

ሐቁን ለመናገር፣ ጻፈው። ጣሳውን አስነሳ፣ ኪዩቡንም ከሚፈሰው ላይ እንደገና አስሞላኝ። ሶሌታ መሃል ላይ ብዙ ካቆምከው መጋጠሚያው ራሱ ሌላ ጣጣ ነውና፣ በክርክርና በስድብ መሃል ሥራው ቀጠለ። ጨርሰን ስንወጣ ጨልሟል። «እውነት ተናግሮ የመሸበት ማደር» ይላሉ አባቶች፤ እኔ የመሸብኝ ቱሉ ዲምቱ ነው፣ ታክሲ በሌለበት።

የ7 ቀኑ ውጤት መጣ። ሲ 25 ኮንክሪት፣ በ28 ቀኑ 25 ሜጋፓስካል መሸከም ያለበት ማለት ነው፣ በሳምንቱ ከ25ቱ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይዞ መገኘት አለበት፤ የእኛ ከግማሽ ብዙም አልዘለለም። በ28 ቀኑም አልሞላም። ከዚያ ሀመር (የደረቀ ኮንክሪት ጥንካሬ መለኪያ) የያዙ ሰዎች መጥተው ሶሌታውን ነጥብ በነጥብ ሲያንኳኩ ዋሉ፣ ተሰበሰቡ፣ ተስማሙ፣ የኮንትራክተሩ ክፍያ ዘግይቶ ተለቀቀ። ሶሌታው ዛሬም ቆሟል፣ ሰው ይኖርበታል። «አየህ፣ ምን ሆነ?» ሲሉኝ መልስ የለኝም። ልጆቹ «ምስክር» የሚል ስም አወጡልኝና ሙድ ሲይዙብኝ ከረሙ፤ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ስቶር አስገብቶ ሚስማር አስቆጠረኝ። ፎርማኑማ አንድ ቀን በሻይ ሰዓት ጠርቶ፣ «አንተ ልጅ፣ እውነት ጥሩ ነው፤ ግን ሶሌታ ላይ አይወራም» ብሎ መከረኝ።

ምክሩን ወስጃለሁ። አሁን ሌላ ሳይት ነኝ፣ አላወራም። ኪዩቡ ላይ የስንተኛው ቅልቅል እንደሆነና ሰዓቱን በማርከር እጽፍና ዝም እላለሁ። ማወቅ የፈለገ ያንብብ።

ባለፈው ያው ፎርማን ደወለ። ገላን በኩል የራሱን ቤት ይሠራል፣ ቅዳሜ ሶሌታ ይሞላል።

«ትቆምልኛለህ? ልጆቹን አላምናቸውም።»

«ጋሼ፣ ስንት መሐንዲስ እያለ እኔን?»

«አንተ አፍህ አያርፍም። ለዚህ ለዚህ ደግሞ አንተ ነህ።»

ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። የኪዩብ ሞልድ ይዤ ልምጣ ወይ አልኩት።

«ለራስ ቤት ኪዩብ ምን ያደርጋል? ውሃውን ብቻ ጠብቅልኝ!»