ዐሥራ አራት ሥራ ብቻ የተወልን ኦርጋኒስት

ጅማ ውስጥ «ኦርጋን» ሲባል አብዛኛው ሰው የሚመጣለት በብረት እግር ላይ የሚቀመጥ፣ መብራት ሲጠፋም አብሮ ዝም የሚል ኪቦርድ ነው። እኔም ቆጪ አካባቢ ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን ለመዘምራን የምጫወተው ይህንኑ ነው። የፈረንሳዊው የሞሪስ ዱሩፍሌ ኦርጋን ግን የሕንፃው አካል የሆነ፣ ነፋስ በብዙ ቧንቧዎች ውስጥ እያለፈ ድምፅ የሚሰጥበት፣ ከሁለት እጅ ሌላ ሁለት እግርም የሚጫወትበት መሣሪያ ነው።

ዱሩፍሌ እ.ኤ.አ. በ1902 ሉቪዬ በምትባል ከተማ ተወለደ (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በዐሥር ዓመቱ ወላጆቹ በሩዋን ካቴድራል ለሚገኘው የዘማሪ ልጆች ትምህርት ቤት ሰጡት። የእኛ አገር የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ ለዜማ ትምህርት ከቤቱ እንደሚወጣ ሁሉ፣ እርሱም ከናፍቆት ጋር እየታገለ በየዕለቱ የሚሰማውና የሚዘምረው ግሪጎሪያዊውን ዜማ፣ ማለትም የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንን ጥንታዊ የላቲን ዜማ፣ ነበር። ይህ ዜማ ሁሉም በአንድ ድምፅ የሚለው፣ በምት ያልተሰፈረ፣ የቃሉን አካሄድ ተከትሎ የሚረዝምና የሚያጥር ነው፤ ልጁም ካደገ በኋላ ከዚህ ዜማ አልወጣም።

ፓሪስ ገብቶ ከተማረባቸው መምህራን አንዱ፣ ዐይኑ በጭላንጭል ብቻ ያይ የነበረው የኖትርዳም ኦርጋኒስት ሉዊ ቪየርን ነው። ጁን 2 ቀን 1937 ቪየርን በዚያው ካቴድራል ኮንሰርት ላይ ሳለ ከመሣሪያው ፊት እንደተቀመጠ ሲሞት፣ ዱሩፍሌ አጠገቡ ነበር። ራሱ ዱሩፍሌ በሃያዎቹ ዕድሜው መጨረሻ ላይ በፓሪስ የሳንት ኤትየን ዱ ሞን ቤተ ክርስቲያን ኦርጋኒስት ሆኖ ተሾመ፤ በፓሪስ ኮንሰርቫቷር (የሙዚቃ ትምህርት ቤት)ም ለረጅም ዓመታት ሃርመኒ፣ ማለትም ድምፆችን አስማምቶ በአንድነት የማሰማት ጥበብ፣ አስተማረ።

ሥራዎቹ ቁጥር የተሰጣቸው ዐሥራ አራት ብቻ ናቸው። በየሳምንቱ አዲስ መዝሙር ካልወጣ አገልግሎት የቆመ ለሚመስለን ለእኛ ይህ ስንፍና ሊመስል ይችላል። ነገሩ ግን ሌላ ነው፤ ሰውዬው በራሱ ሥራ የማይረካ፣ የጻፈውን እየመላለሰ የሚያርም ነበር። በ1947 የጨረሰውን «ረኲየም»፣ የሙታን ጸሎቱን፣ አንድ ጊዜ ለሙሉ ኦርኬስትራ፣ ሌላ ጊዜ ለኦርጋን ብቻ፣ በ1961 ደግሞ ለአነስተኛ ኦርኬስትራ አዘጋጅቶታል። ዜማው ከጥንቱ የሙታን ጸሎት የተወሰደ ሲሆን፣ የእርሱ ድርሻ በዙሪያው ያለው ሃርመኒ ነው።

እኔን የያዘኝ ግን በ1960 ከወጡት አራት አጫጭር ሞቴቶች (በላቲን የሚዘመሩ የመዘምራን መዝሙሮች) የመጀመሪያው፣ «ኡቢ ካሪታስ» («ፍቅር ባለበት») የሚለው ነው። ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ ያለ መሣሪያ በድምፅ ብቻ ይዘመራል። ቃሉ በጸሎተ ሐሙስ በሕፅበተ እግር ጊዜ የሚባል ነው። ሲጀምር ዜማውን የሚይዙት አልቶዎች፣ ዝቅ ያለውን የሴት ድምፅ የሚዘምሩት፣ ናቸው፤ ከፍተኛውን ድምፅ የሚዘምሩት ሶፕራኖዎች ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ምቱ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያለ ስለሚለዋወጥ በእግር እየመታሁ ልከተለው ብል አልሆነልኝም።

ልጅ ሳሉ ድጓ ቤት የገቡት አባቴ ከስልኬ አዳመጡት። አገልግሎታችን ከእሳቸው የተለየ ስለሆነ የእኛን መዝሙር ብዙም አያዳምጡም፤ ይህን ሲሰሙ ግን መቋሚያ የያዙ ይመስል ቀኝ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ቀስ እያሉ ከፍ ዝቅ አደረጉ። ሲያልቅም፣ «ሰውዬው ዜማውን አልነካውም፤ ዳር ዳሩን ነው ያጠረው» አሉ። በፈረንጅ አፍ ከተጻፈው ትንታኔ ሁሉ ይህች አነጋገር ትበልጥብኛለች። እኔ ባለፈው ዓመት አንድ የቆየ መዝሙር ሳቀናብር መጀመሪያ የነካሁት የኪቦርዱን የሪትም ቁልፍ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ዜማው ከበሮውን ለማሟላት የተጨመረ መሰለ።

አሁን ሞቴቱን በአማርኛ ልናወጣው እየሞከርን ነው (ግማሾቻችን አፋን ኦሮሞ ተናጋሪዎች ስለሆንን እርሱም ተራውን እየጠበቀ ነው)። «ደኡስ ኢቢ ኤስት» የሚለው ላቲን አምስት ቀለም ሲሆን ትርጉሙ «እግዚአብሔር በዚያ አለ» ግን ዘጠኝ ይሆናል። ለማብቃቃት ስንል ቃሉን ብናጣድፈው ዜማው ይሰበራል። ከሦስት ልምምድ በኋላ «ፍቅርና መውደድ ባለበት፣ አምላክም አለ» ላይ ደረስን፤ ላቲኑም «ካሪታስ» እና «አሞር» ብሎ ሁለት የፍቅር ቃል ስላለው መውደድን መጨመራችን ከትርጉሙ አላራቀንም። «ፍቅርና» የሚለው ቃል ግን ሲዘመር አሁንም ቀለም እየጨመረ ያስቸግረናል።

በ1975 ዱሩፍሌ በመኪና አደጋ ክፉኛ ተጎዳ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ኦርጋኑ አልተመለሰም። በ1977 የታተመው የመጨረሻ ሥራው «አባታችን ሆይ» የሚለው ጸሎት በፈረንሳይኛ ነው፤ አጭርና ማንኛውም መዘምራን ሊያጠናው የሚችል ነው። ያረፈው በ1986 ነው።

ማክሰኞ ማታ ልምምድ ላይ ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ስለደበደበው አልቶዎቹ ሊሰሙ አልቻሉም። ቆመን ስንጠብቅ አንዷ ሶፕራኖ፣ «እኛ መቼ ነው የምንገባው?» አለችኝ። በእጄ ቆይ ብዬ ምልክት ሰጠኋት፤ ዝናቡም አላባራም ነበር።