ጠጅና ማሲንቆ በፒያሳ

ለሥራ ከደሴ መጥቼ ዛሬ ማምሻውን ነፃ ሆንኩ። የአክስቴ ልጅ "ተነስ፣ የማሳይህ ቤት አለ" ብሎ ፒያሳ አካባቢ ወዳለ ጠጅ ቤት ወሰደኝ።

ጠጁን እዚያው ጓዳ ነው የሚጥሉት። ማር፣ ውሃ፣ ጌሾ፤ የቀረውን ጊዜ ይሠራዋል። የቤቱ እመቤት "ማሩን በስኳር የሚተካ ሰው ጠጅ ጣለ አይባልም" አሉኝ። እውነታቸውን ነው! ብርሌውን ወደ መብራቱ ከፍ ሳደርገው ደፈርፈር ያለ ቢጫ ነው፤ አናቱ ላይ ስስ አረፋ አለው። መጀመሪያ ይጣፍጣል፣ ቀጥሎ የጌሾው ምሬት ጉሮሮ ላይ ይቀራል። እኔ ያቺን ምሬት ነው የምወዳት።

ከዚያ አዝማሪው ገባ። ማሲንቆ ያለው አንድ የፈረስ ጭራ ክር ብቻ ነው፤ እሱ ግን ቤቱን ሞላው። ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ። "ደሴ" ስለው ፈገግ ብሎ ወደ አምባሰል ዞረ። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ አገር ስሞች ናቸው። አዲስ አበባ መሃል ተቀምጬ ስሰማው ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ወዲያው ደግሞ ስለ እኔ ስንኝ ቋጠረ፤ ቤቱ በሳቅ ደመቀ፣ እኔም ተነስቼ ግንባሩ ላይ ብር ለጠፍኩለት።

ካዛንቺስም በአዝማሪ ቤቶቹ የታወቀ ሰፈር ነበር። በ2017 ዓ.ም. ብዙው ክፍል ፈረሰ። ከተማው ሲታደስ ደስ ይለኛል፤ ለአዝማሪና ለጠጅ ቤት ግን አዲሱ ሕንፃ ውስጥም ቦታ ይገባቸዋል።

የአክስቴ ልጅ ነገ ማታ ደግሞ ጃዝ ሊያሰማኝ ቃል ገብቷል። ጥሩ ቤት የምታውቁ ጠቁሙን!