ተራራው ማዶ፣ ውሃው ወዲህ

ሲልሄት ውስጥ፣ ጃፍሎንግ ላይ፣ ወንዝ ዳር ቆሜ ሽቅብ አየሁ። ሜዳው እግሬ ሥር አለቀ። ከፊቴ አረንጓዴ ተራራ እንደ ግንብ ተገትሯል። ሜዳው ባንግላዴሽ ነው፣ ተራራው ሕንድ። ጥር ስለነበር ወንዙ ጠርቷል፤ ከሥሩ ያለው ድንጋይ ሁሉ ይታያል።

ሲልሄት የባንግላዴሽ ሰሜን ምሥራቅ ጥግ ናት። አራት አውራጃዎች አሏት፦ ሲልሄት፣ ሞልቪባዛር፣ ሆቢጎንጅና ሹናምጎንጅ። ከዋና ከተማዋ ከዳካ በባቡር ስመጣ ስሪሞንጎል አካባቢ ኮረብታውን ሁሉ ሻይ ቅጠል ለብሶታል። እንግሊዞች ማልኒቸራ ላይ የሻይ እርሻ የከፈቱት በ1854 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። በ1874 ደግሞ ሲልሄትን ከቤንጋል ቆርጠው ከአሳም ጋር ቀላቀሏት።

ከዚያ 1947 መጣ። ሕንድ ስትከፈል የሲልሄት ሕዝብ ወዴት መሆን እንደሚፈልግ ተጠየቀ። 239,619 ሰው ከምሥራቅ ቤንጋል ጋር ልሁን አለ፤ 184,041ዱ ሕንድ ውስጥ ከሚቀረው አሳም ጋር። በድምፁ መሠረት ሲልሄት ወደ ምሥራቅ ፓኪስታን፣ ወደ ዛሬዋ ባንግላዴሽ፣ ገባች። የሲልሄት አካል የነበረችው የካሪምጋንጅ አብዛኛው ክፍል ግን ሕንድ ቀረ። እስከ ትናንት የአንድ አውራጃ ሰዎች የነበሩት በኩሺያራ ወንዝ ወዲያና ወዲህ የሁለት አገር ዜጋ ሆኑ። ይህን ሳስብ ሆዴ ይባባል።

ሲልሄት ከተማ ውስጥ የሱፊውን ቅዱስ የሻህ ጃላልን መቃብር ተሳለምኩ። ግቢው በእርግብ የተሞላ ነው። ሞሮኳዊው ተጓዥ ኢብን ባቱታ በ14ኛው ክፍለ ዘመን እሳቸውን ሊያይ እዚህ ድረስ መጥቶ ነበር።

ልቤን የወሰደው ግን ሹናምጎንጅ ነው፤ ሃኦር የሚሉት መሬት። እንደ ሳህን ጎድጎድ ያለ ሰፊ ሜዳ ነው። በክረምት ባሕር ይሆናል፣ በበጋ ሩዝ ይተከልበታል። እኔ ስደርስ ጀልባዎች ደረቅ መሬት ላይ ተጋድመዋል። መንደሮቹ ሰው በከመረው አፈር ላይ ነው የተሠሩት። ክረምት ሲገባ እያንዳንዱ መንደር ደሴት ነው።

አንድ አዛውንት ገበሬ ቤታቸው አስገቡን። አስጎብኚዬ «ቻቻ» ይላቸዋል፤ የአባት ወንድም እንደማለት። ግድግዳው ላይ የ2022ን ጎርፍ ልክ አሳዩኝ። ከደረቴ በላይ ነው። በዚያ ሰኔ ማዶ ተራራው ላይ፣ ቼራፑንጂ፣ በአንድ ቀን ብቻ ከ900 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ዘነበ። አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ የምታገኘው 1,200 ገደማ ነው። ያ ሁሉ ውሃ ቁልቁል የወረደው ወደዚህ ሜዳ ነው።

«ከየት ነህ ልጄ?» አሉኝ። ኢትዮጵያ ስል ግራ ገባቸው። አስጎብኚዬ «ሐበሻ» ብሎ አስረዳቸው። ፊታቸው በራ። «ቢላል!» አሉ፤ የነቢዩ መሐመድን ሐበሻዊ ባልደረባ ማለታቸው ነው። እኔም በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከሐበሻ ምድር በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ቤንጋልን ለጥቂት ዓመታት በሱልጣንነት መግዛታቸውን ነገርኳቸው። አያውቁም ነበር። ደስ አላቸው።

እኔ ያደግኩት ወንዝ ከሚነሳበት አገር ነው። ወንዝን ሁሌም ከላይ ሆኜ ነው የማውቀው። ከታች ሆኖ መጠበቅ ምን እንደሚመስል ያየሁት እዚህ ቤት ነው። ቻቻ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ወደ ሰሜን፣ ወደ ተራራው ጠቆሙ። ሚያዝያ ላይ ደመናው እዚያ ሲጠቁር፣ ሩዙ በደንብ ባይደርስም ማጨድ ይጀምራሉ።