ከዜናው ሥር የመጣው የመጀመሪያ ኮሜንት

የአንድ ዜና ተቋም የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ላይ ነው የምሠራው። ዜና እለጥፋለሁ፣ ከሥሩ የሚጻፈውን እከታተላለሁ፣ ስድብ ሲመጣ እደብቃለሁ።

አንድ ጠዋት የአውቶቡስ አደጋ ዜና ለጠፍኩ። የሞተ የለም፣ 11 ሰዎች ቆስለዋል። ሪፖርተራችን ተሳፋሪዎቹን አነጋግሮ፣ ፍሬኑ ሹፌሩን እንደከዳው፣ እሱም ገደሉን ሸሽቶ መኪናውን ከአፈር ቁልል ጋር እንዳላተመው ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ጽፏል። እኔ ፖስቱ ላይ ያወጣሁት ግን "አውቶቡስ ከመንገድ ወጥቶ 11 ሰዎች ቆሰሉ" የሚለውን ብቻ ነው፣ ከተጨማደደው መኪና ፎቶ ጋር። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ የመጀመሪያው ኮሜንት ገባ።

"ጠጥቶ እየነዳ ነዋ! እንዲህ ዓይነቱን ነፍሰ ገዳይ ማሰር ነው።"

አየሁትና አለፍኩት። የብልግና ቃል የለበትም፣ ማጣሪያውም አልያዘውም። ከምሳ ስመለስ ያ ኮሜንት ከ2,000 በላይ ላይክ ሰብስቦ ከሁሉም በላይ ተቀምጧል። ከሥሩ ያለው ሁሉ ስለ መጠጥ ነው የሚያወራው። ስንት ጠርሙስ እንደጠጣ ሳይቀር የሚናገር አለ። አንዱ ምስኪን "ኧረ ዜናውን ክፈቱት፣ ፍሬን ነው የሚለው" ብሎ ጻፈ። "ስንት ከፈሉህ?" ተባለ።

ለአለቃዬ አሳየሁት። "እኛ አልጻፍነው፣ የሰው አስተያየት ነው" አለኝ። እኔም አልተከራከርኩም። ገጹ ያን ቀን በደንብ ታይቶ ነበር።

በማግስቱ ኢንቦክስ ስከፍት የሹፌሩ ልጅ ጽፋለች። "ዜናችሁን አንብቤዋለሁ። እናንተ ጠጥቷል አላላችሁም። አባቴ መጠጥ ቀምሶ አያውቅም። ከሥሩ ያለውን ግን ማን ነው የሚያነሳልን?"

ደጋግሜ አነበብኩት። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት ትዝ አለኝ። 1,183 አሜሪካውያን ስለ አንድ አዲስ ቴክኖሎጂ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ተሰጣቸው፤ ለገሚሱ ከሥሩ ጨዋ አስተያየት፣ ለገሚሱ ስድብ። ስድቡን ያነበቡት ስለ ቴክኖሎጂው አደገኛነት የነበራቸው አመለካከት ይበልጥ ተራራቀ። ጽሑፉ አንድ ነበር። ፖፑላር ሳይንስ መጽሔት በዚያው ዓመት ይህንኑ ጥናት ጠቅሶ ድረ ገጹ ላይ የኮሜንት ቦታውን ዘጋ። እኔ መዝጋቱን አልደግፍም። "ዜናውን ክፈቱት" ያለው ሰውዬም እዚያው ነበር የጻፈው፣ ብቻውን የተውኩት እኔ ነኝ።

ያን ቀን ፖስቱን አስተካክዬ የፍሬኑን ነገር መጀመሪያው መስመር ላይ አመጣሁት። በገጻችን ስም "ሹፌሩ ጠጥቶ ነበር የሚል መረጃ የለንም፣ ተሳፋሪዎች የነገሩን ይህን ነው" ብዬ ጽፌ ከላይ ፒን አደረግኩ። ከዚያ ወዲህ ሰው የተጎዳበት ዜና ስለጥፍ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ሌላ ሥራ አልነካም። የምፈልገው ስድብ ብቻ አይደለም። ዜናው ያላለውን እንዳለ አድርጎ የሚያወራ ካለ ወዲያው እመልሳለሁ፣ ከዜናው ላይ ቆርጬ።

የመጀመሪያውን ኮሜንት ለጻፈው ሰውም መልእክት ላክሁለት። ይሰድበኛል ብዬ ነበር። "እውነት ለመናገር ፎቶውን ነው ያየሁት፣ አልከፈትኩትም" አለና ራሱ አጠፋው። ከሥሩ የተደረደረው መልስ ሁሉ አብሮ ጠፋ።

ለልጅቷ ነገርኳት። አመሰገነችኝ። ቆይታ ደግሞ አንድ ፎቶ ላከችልኝ፣ የዘመዶቻቸው ግሩፕ ላይ የተለጠፈ ስክሪንሾት ነው። ኮሜንቱ ከነላይኩ አለ። የእኛ ገጽ ስምም ከላይ ይታያል።