ቱሪስቱ ይምጣ፣ ግን...

የዓድዋ ድል መታሰቢያ በ2016 ከተከፈተ ወዲህ ፒያሳ ላይ ካሜራ ያንጠለጠለ እንግዳ አይጠፋም። ደስ ይላል፣ ዶላር ያስፈልገናላ! ባለታክሲው፣ ጀበና ቡና የምታፈላዋ፣ የሽሮ ሜዳው ሸማኔ ሁሉ ይቃመሳሉ። ግን ብሩ የት ነው የሚያድረው? ጉዞውን የውጭ ድርጅት ከሸጠው፣ ሆቴሉም ከወይን እስከ አሳንሰር ሁሉን ከውጭ ካስገባ፣ ከዶላሩ ብዙው ዞሮ ይወጣል።

እኔን የሚያናድደኝ ደግሞ ለፎቶ ተብሎ የሚፈላው ቡና ነው፤ በረካው ሳይደርስ ጀበናው ይነሳል፣ ወሬ የለ፣ ምርቃት የለ። ኧረ ቡና እንዲህ አይጠጣም!

ስለ ውሃውማ ባላወራ ይሻለኛል። እኛ ሰፈር በፈረቃ ነው፣ ከማዶ ያለው ሆቴል መዋኛ ገንዳው ሞልቶ ያድራል። አዲስ ሆቴል ሲፈቀድ ያገለገለ ውሃውን አጣርቶ ቢያንስ አትክልቱን እንዲያጠጣበት ማስገደድ ያን ያህል ከባድ ነው?